የምላስ ዓምድ

ከሺብሳ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ሽቅብ በሚወጣበት፣
ቻንድካሊ አለች፣ የጭቃ ግድብ የታጠቀች ደሴት።
ድሮ የሩዝ አገር ነበረች፤ ዛሬ የኩሬ ገበታ፣
ሽሪምፕ የሚረባባት፣ ሌሊቱን በአምፖል ተርታ።

ኢሽራት በጀልባ መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲ ተልካ፣
በላስቲክ የተጠቀለለ መሣሪያ ይዛ፣ ጨው የሚለካ፣
አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ የዝናብ ጫማ፤
ጥያቄዋ አንድ ነበር፣ ከየቤቱ ደጅ ልትሰማ፦
«ውሃው መቼ ጨው ሆነ? ከየትስ በኩል ገባ?»
ሱርጆባኑ ጎንበስ አለች፣ ከኩሬው በእፍኟ ቀመሰች፦
«ዛሬ እንባ ነው፤ የሐዘን ግን አይደለም፣ ሽንኩርት የከተፈ ሰው እንባ።»
ኢሽራት መሣሪያዋን ነከረች። ቁጥሩን ብቻ ጻፈች።

ሰባት ዓመት፣ በየወሩ፣ ጨረቃ በሞላች ማግስት፣
አንዷ ሽቦ ትነክራለች፣ አንዷ ምላስ ታወጣለች፤
«ዛሬ ላብ ነው።» «ዛሬ ደም ነው።» «ዛሬ የዓሣ ሻጭ መዳፍ ናት።»
ልጅቱ ቁጥሯን ይዛ፣ ሌላውን እንዳልሰማ ታልፋለች።

እርጉዞች እግራቸው አብጦ ጤና ጣቢያ ሲሰለፉ፣
«ጨው ቀንሱ» ተብለው፣ ክኒን ጨብጠው ሲያልፉ፤
የወጡንስ ይቀንሱ፤ የገንቦውን ማን ይቀንስ?
የኩሬው ጌታ ደግሞ፦ «ዝናብ ነው የነጠፈው፤ ከሰማይ ጋር ልካሰስ?»

ዳካ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ፣
ኢሽራት ቁጥሮቿን በመስመር አሰረች፤ መስመሩ ሽቅብ ወጣ።
ወጣ፣ ወጣ። በአምስተኛው ዓመት ግን ሸርተት፣
መሰላል ላይ እንደ ደከመው ሰው፣ ወረደ ድንገት።
ዝናቡን መረመረች። የለም። ማዕበሉን። የለም።
የሳተላይት ሥዕል ዘረጋች፤ ደመና እንጂ መንደር አይታይም።
ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ጠረገ፦ «የመሣሪያ ስህተት ይሆናል፤
ነጥቢቱን አውጪያት። መስመሩ ያለሷ ያምራል።»

አላወጣቻትም። በጀልባ ተመለሰች፣ ደብተሯን ዘረጋች፣
«በዚያ በጋ ምን ሆኖ ነበር?»
ሱርጆባኑ ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈች፦
«ያኔማ የኩሬው ጌታ ከወንድሙ ጋር ተካሶ
ከተማ ከረመ፣ የግድቡን በር ቁልፍ በኪሱ ቋጥሮ ይዞ።
ባሕር የሚያስገባው በር ሦስት ወር ተቀርቅሮ ዋለ፤
ሦስት ወር ሙሉ፣ ልጄ፣ ውሃው ውሃ ውሃ አለ።
የምራቴ ልጅ ያኔ ተረገዘ። ከአራቱ የተረፈው እሱ ነው፤
ያውልሽ፣ ዛፉ ላይ የተሰቀለው።»

ኢሽራት ዝም አለች። ከኪሷ እርሳስ አውጥታ፣
ከቁጥሩ ጎን መስመር አሰመረች፣ ረጅም፣ ቀጥታ፤
«ምላስ» ብላ ጻፈችበት። ሰባት ዓመት የዘለለችውን
ከአሮጊቷ ትዝታ ቃረመች፦ እንባውን፣ ላቡን፣ ደሙን።

አሥራ አራት ገጽ ሆኖ ታተመ። ከምስጋናው ሥር
የሱርጆባኑ ስም አለ፤ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር።

«እስኪ ምን ይላል?»
«በበሩ መከፈትና በውሃው ጨዋማነት መካከል
ጉልህ ተዛምዶ ተስተውሏል። ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»
«ውሃውን ይመልሳል?»
«አይመልስም።»
«በሩንስ ይዘጋል?»
«እንጃ።»
«ታዲያ ምን ያደርጋል?»
ጀልባው ሞተሩን አስነሣ፤ ልጅቱ ጫማዋን አየች።
«አልዋሻችሁም ይላል።»

ሱርጆባኑ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ጫፉን በምላሷ ነካች፣
እንደ ኩሬው፣ እንደ ልማዷ፣ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች፦
«ቃሉ ጨዋ ነው» አለች፣ «አይሳደብ፣ አይቆጣ፤
ግን ጨው የለውም። ከእኛ አገር እንዴት አልጫ ነገር ወጣ?»

ሳቁ። ከዚያ አጠፈችው፣ በላስቲክ ጠቀለለችው፣
ከቆርቆሮ ሣጥኗ፣ ከመሬቷ ካርታ ጋር አኖረችው።
መሬቱ ዛሬ ኩሬ ነው።